ፒዛ ቤት የሚፈተነው ረቡዕ ነው

«አዲስ አበባ ውስጥ ምርጡ ፒዛ ቤት የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ጠረጴዛ ከበው ለተቀመጡ አምስት ሰዎች ወርውሩና ማኪያቷችሁን ጠጡ። ማኪያቶው ሳያልቅ ሰባት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ የቦሌውን ይላል። ሌላው «ቦሌ ፒዛ የለም፣ ያለው ዋጋ ነው» ይለዋል። አንዷ ልጅ እያለች አባቷ ደሞዝ ሲወጣ ፒያሳ ወስዶ የሚገዛላትን ታነሳለች፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ጋጋሪ አይደርስበትም። ዝም ብሎ ሲሰማ የቆየው አምስተኛው ሰውዬ በመጨረሻ «ኧረ ሁሉም ያው ነው፣ ዋናው ሚጥሚጣው ነው» ብሎ ክርክሩን ያበላሸዋል።

እኔም መልስ አለኝ። መልሴ ግን የቤት ስም ሳይሆን የቀን ስም ነው፦ ረቡዕ። (አርብም ይሆናል።) ምርጡን ፒዛ ቤት ማግኘት የፈለገ ሰው በጾም ቀን ገብቶ የጾም ፒዛ ይዘዝ። እሷን አሳምሮ የሚሠራ ቤት የፍስኩንም ያሳምራል። የፍስኩን አሳምሮ የጾሙን የሚያበላሽ ቤት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ፒዛ መሥራት አይችልም፤ የሚችለው ቺዝ መግዛት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቺዝ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከላይ ንጹሕ ነጠላ ከተደረበ ከስር ያለው ቀሚስ ቢቀደድ ማን ያያል? ያልቦካ ሊጥ፣ ከቆርቆሮ ተገልብጦ ሳይበስል የተቀባ የቲማቲም ድልህ፣ ከትናንት ያደረ ሞርታዴላ… ሁሉም ከቀለጠው ቺዝ ስር ገብቶ ይተኛል። ትኩስ ስለሆነ፣ ቅባት ስላለው፣ ሲጎተት ክር ስለሚሠራ (ቪዲዮ ላይም ስለሚያምር!) አፋችን ደስ ይለዋል፣ አንጠይቅም። እስቲ ቺዙን አንሱት። ቂጣና ቲማቲም ቀረ። አሁን ጋጋሪው የሚደበቅበት የለውም።

በየቦታው የምትመጣዋን የጾም ፒዛ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከስር ደረቅ ቂጣ። ቀጥሎ ካቻፕ ይሁን ድልህ ያልለየለት ቀይ ነገር። ከዚያ ወጥ ቤቱ ውስጥ የተገኘው አትክልት በሙሉ፤ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንዳንዴም ድንች (በስመ አብ!)። አትክልቱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይለቃል፤ ውሃው የቂጣውን መሀል ያረጥበዋል፤ ዳር ዳሩ ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። በአንድ ጊዜ እርጥብም ደረቅም የሆነ ምግብ መሥራት ቀላል ሙያ አይደለም፤ የኛ ፒዛ ቤቶች ግን ተክነውበታል።

በቅርቡ 22 አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ አስተናጋጁን ጠየቅሁት።

«የጾም ፒዛችሁ ምን አለው?»

«ያው ቺዝ የለውም።»

«እሱንማ ገባኝ። ምን አለው?»

ትንሽ አሰበ። «አትክልት።»

«ሊጡ ውስጥስ ወተት ወይም እንቁላል ይገባል?»

«ቆይ ልጠይቅልሽ» ብሎ ገባ። ሲመለስ «አይገባም ብለዋል፤ ከገባም ትንሽ ነው» አለኝ።

በልጁ አልፈርድም፤ ያልነገሩትን ከየት ያምጣው? ቤቱ ራሱ ያንን ምግብ የሚያውቀው በሌለው ነገር ነው። የጾም ፒዛ ማለት እነሱ ዘንድ «ቺዝ የተነሳበት ፒዛ» ነው። አለቀ። እንደ ምግብ ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው የለም።

ግን እኮ ሌላ ቦታ ታስቦበታል! ያውም ፒዛን እናቀናለን በሚሉት ሰዎች አገር። ናፖሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ «የእውነተኛው የናፖሊ ፒዛ ማኅበር» የሚባል አለ። ሥራው ምን ፒዛ ተብሎ እንደሚጠራና ምን እንደማይጠራ መደንገግ ነው (የኛ አገር የእንጀራ ማኅበር ቢኖር ስንቱ ይባረር ነበር እያላችሁ ሳቁ)። ማኅበሩ እውነተኛ ብሎ በደንቡ የሚቀበላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ማርጌሪታና ማሪናራ። ማሪናራ ላይ ምን አለ? ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ የወይራ ዘይት። ሌላ የለም። ሊጡስ? ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። እንግዲህ ይቺን ፒዛ ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ብትሄዱ ምን ሊሏችሁ ነው? የለየላት የጾም ፒዛ ናት። የናፖሊ ሰዎች ደግሞ «ያው ቺዝ የለውም» ብለው አይሸጧትም፤ ከሁለቱ ዋናዎች አንዷ ናት፣ በዕድሜም ከማርጌሪታ ትቀድማለች።

ማርጌሪታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከወሬያችን ትንሽ ብወጣም ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1889 ራፋኤሌ ኤስፖሲቶ የሚባል የናፖሊ ጋጋሪ ለንግሥት ማርጌሪታ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ፒዛ ሠርቶ በስሟ ሰየመው። (የታሪክ አጥኚዎች ተረቱን ይጠራጠሩታል።) በኛ አቆጣጠር 1881 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ታዲያ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ውጫሌ ላይ አንድ ውል ተፈርሞ ነበር። ከወዲያ በኩል ውሉ የማን ነው? የንጉሥ ኡምቤርቶ፣ የማርጌሪታ ባል! ተረቱ እውነት ከሆነ ንግሥቲቱ ያቺን ፒዛ ስትቀምስ አንቀጽ 17 ገና የአንድ ወር ከምናምን ዕድሜ ነበረው። የቀረውን አድዋ ላይ ታውቁታላችሁ። ፒዛ ቤት ገብታችሁ «አንድ ማርጌሪታ» ስትሉ ይቺን አስቧት።

ወደ ነገራችን። ጣሊያን በሁለተኛው ዙር አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ሲወጣ ከስሞቹ ብዙዎቹን ትቶልን ሄደ፤ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ፖፖላሬ። ከወጥ ቤቱም ያልወሰድነው የለም። ከሁሉም የገረመኝ የፓስታ ነገር ነው። ፓስታን የራሳችን አድርገነዋል። ፓስታ በስልስ የጾም ምግብ ነው፤ ነገር ግን «ሥጋ የሌለው ፓስታ» ብሎ የሚጠራው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የለም። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላል፣ ቲማቲሙ እስኪመጠጥ ይበስላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል፣ ቃሪያው ሰንጠቅ ተደርጎ ከላይ ይቀመጣል። ትንሿ የሰፈር ቁርስ ቤት እንኳ በስልሷ ትኮራለች፤ ደንበኛም ቤት የሚለየው በስልሱ ነው። ስልስን እንዲህ የሚያውቅ ከተማ ፒዛ ላይ ሲደርስ ለምን ካቻፕ ይቀባል? ያንኑ ስልስ ውሃውን መጠጥ አድርጎ፣ ጥሩ ቂጣ ላይ ቀብቶ፣ ነጭ ሽንኩርት በተን ቢያደርግበት እኮ ማሪናራ ተሠራ። ኦሬጋኖ ከጠፋ ጦስኝ አለልን። ይህን ለማወቅ ናፖሊ መሄድ አያስፈልግም፣ ጓዳ መግባት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ የምጨቃጨቀው ግን ስለ ሊጥ ነው። እኛ ሰዎች በማቡካት ማንም አያስተምረንም። እንጀራ ያለ ዕለቱ ሲጋገር፣ ሲያልፍበት፣ እርሾው ሲከፋ፣ ዓይን ሳያወጣ ሲቀር፣ ከሩቅ አይተን እናውቃለን። ዓይን የሌለው እንጀራ እንግዳ ፊት አይቀርብም። ፒዛም ዓይን አለው! ዳሩን ቆርሳችሁ እዩት፤ ውስጡ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ ካለው ሊጡ ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። ድፍን ነጭ ከሆነ ግን ቂጣ ነው የበላችሁት። ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ውድ ቂጣ።

ለዚህ ደግሞ ከተማችን የራሷ ፈተና አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ሊጡ በአንድ ሰዓት ተኩል ኩፍ ብሎ «ደርሻለሁ» ይላል። መልኩ ደርሷል፤ ጣዕሙ ግን ገና ነው፣ ምክንያቱም ጣዕም ጊዜ ይፈልጋል። ጎበዝ ጋጋሪ እርሾውን ይቀንሳል፣ ውሃውን ጨመር ያደርጋል፣ ሊጡን ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድራል። ሰነፉ እርሾውን አብዝቶ ጠዋት አቡክቶ ለምሳ ያደርሰዋል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሰኞ ቂጣውን ግማሽ ጋግሮ ደርድሮ አስቀምጦ፣ ዓርብ ላይ ቺዝ ነስንሶ የሚያሞቀው ነው። የፍስክ ቀን ከሆነ አይያዝም። የጾም ቀን ግን የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ይያዛል።

ስለ ምድጃ ብዙ አልልም። የናፖሊዎቹ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ የእንጨት ምድጃ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ያወጡታል። የኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ ምድጃ እዚያ አይደርስም፤ መብራት ሲሄድማ የትም አይደርስም። ይህ ግን ኃጢአት አይደለም። ኒው ዮርኮች እ.ኤ.አ. በ1905 ፒዛ መሸጥ ሲጀምሩ በድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር፤ የወጣው ፒዛም የራሳቸው ሆነ፣ ዛሬ ዓለም ይመስክርላቸዋል። ቀስ ብሎ የበሰለ ጥሩ ፒዛ አለ። ያልቦካ ጥሩ ፒዛ ግን የለም።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምናሌ ከፍታችሁ ዋጋ ስታዩ ምን እንደሚሰማችሁ እኔ አልነግራችሁም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሰማይ ወጣ፤ የአገር ውስጡም ተከተለው። ፒዛ ላይ ትልቁን ወጪ የሚበላው ደግሞ ቺዙና ሥጋው ነው። እንግዲህ ቺዝም ሥጋም የሌላት ፒዛ ምን ያህል ልትረክስ ይገባታል? ምናሌውን እዩት፤ ከፍስኳ የምትለየው በጥቂት ብር ነው፣ አንዳንድ ቤት ጭራሽ እኩል ነች። ላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት… ካሮት እንደዚህ ተወዶ አያውቅም!

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ረቡዕና አርብ ሲደመሩ፣ አቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ሲሆን፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ሲቆጠር ጿሚው ደንበኛ የዓመቱን ግማሽ ገደማ በጾም ነው የሚያሳልፈው። በዚህ ሁሉ ቀን ለተመሳሳይ ገንዘብ የተረፈ ምግብ ይሰጠዋል። ደንበኛ ሳይሆን እስከ ፋሲካ መታገስ ያለበት ሰው ተደርጎ ነው የሚታየው። ብልህ ነጋዴ ቢኖር ግን ገበያው እዚህ ነበር። ጥሩ ሊጥ፣ ጥሩ ስልስ፣ ተገቢ ዋጋ፤ ተማሪው ይበላታል፣ አዲስ ተቀጣሪው ይበላታል፣ የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም፣ ከረከሰችና ከጣፈጠች ይበላታል። ፒዛ ሲፈጠር የናፖሊ ድሃ ቆሞ የሚበላው የመንገድ ምግብ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ የልደት ምግብ ሆነ።

እማዬ ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ መሆኔን ስትሰማ «በጾም ፒዛ? ጾሙን ነው የምትጾሚው ወይስ ሥጋውን ብቻ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን እማዬ ራሷ በአቢይ ጾም የምትሠራው ሽሮ፣ የምስር ወጧ፣ ስልጆዋ በፍስክ ጊዜ እንኳ ይናፍቀኛል። ጾም ነው ብላ ሽንኩርቱን ሳታቁላላ አትተውም። በጾም አጣፍጦ ማብሰል በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ አሳንሶ መሥራት ነው አዲሱ ነገር። ይህን ስላት «ሂጂ ብቻ» አለችኝ። የተሸነፈች ጊዜ እንዲህ ነው የምትለው።

«ታዲያ የቤቶቹን ስም ለምን አትነግሪንም?» ትሉኛላችሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው፣ ስም መጥራት በዚህ ከተማ ረክሷል። ቲክቶክ ላይ «የአዲስ አበባ ምርጥ 5 ፒዛ ቤቶች» የሚለውን አይታችኋል። አምስቱም «ከምር ይለያል!» ናቸው። አንድም ቀን «ይሄኛው ሊጡ አልቦካም» የሚል አልሰማሁም። ለምን? ቤቱ ጋብዞ ነዋ! እኔንም አንድ ቤት ጋብዞኝ ያውቃል፤ ከነጓደኞቼ መጥቼ የፈለግሁትን እንድበላ፣ የምጽፈውን ግን ከመውጣቱ በፊት እንዳሳያቸው። ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ጥቅም ግጭት የተነገረንን ያህል ነገር ስለ ሌላ አልተነገረንም፤ ግን ይህን ለማወቅ ዲግሪም አያስፈልግም። በሰው ገንዘብ የበላ አፍ ጨው መብዛቱን አይናገርም። ትልቅ ስምም ዳኛ አይሆንም፤ ፒዛ ሃት በ2010 አዲስ አበባ ሲከፈት ስንቱ ሰው ገና ሳይቀምስ ፈርዶ ነበር፣ የወደደውም የጠላውም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ምርጥ የሚሆነው ቤቱ ሳይሆን ጋጋሪው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው የናፖሊን ፒዛ ቤቶች አይደለም፤ የፒዛ ጋጋሪዎቹን ሙያ ነው። በኛ ከተማ ግን የጋጋሪው ስም ምናሌ ላይ የለም፣ ግድግዳ ላይ የለም፣ ቪዲዮው ላይም የለም። ትንሽ የተሻለ ደሞዝ ሲያገኝ ሊጡን በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ እኛ «ያ ቤት ድሮ ቀረ» እንላለን። ቤቱ አለ፤ የሄደው ሰውዬው ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ሲፈርሱ የስንታችን «ምርጥ ቤት» አብሮ ፈረሰ? ጋጋሪዎቹ ግን አልፈረሱም። አንዱ ሲኤምሲ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ገላን፣ የሆነ ምድጃ ፊት ቆመው ዛሬም ሊጥ እየዘረጉ ይሆናል። ከስም ዝርዝር ይልቅ እነሱን የማገኝበትን መንገድ ነው የምፈልገው።

መንገዴ እንዲህ ነው። በጾም ቀን እሄዳለሁ (በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብ ስለማይጾም ያኔ ዕረፍት ነኝ)። ሳልናገር እገባለሁ፣ ከኪሴ እከፍላለሁ። ከተቻለ ወጥ ቤቱ የሚታይበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሊጥ የሚዘረጋ እጅ ካለ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ። «አትክልቱን በሙሉ ተዉት፤ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት» ብዬ አዛለሁ። አስተናጋጁ ግራ ይገባዋል፤ «ባዶውን?» ይላል። አዎ፣ ባዶውን። ካቻፑንና ሚጥሚጣውን ወደ ዳር እገፋለሁ። ከመሀሉ ሳይሆን ከዳሩ እጀምራለሁ። ጥሩ ከሆነ ሌላ ሳምንት ደግሜ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ማንም ይቀናዋል። ሁለቴም ጥሩ ከሆነ «ማን ነው የጋገረው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እስካሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ጋጋሪው ከወጥ ቤት ወጥቶ ያየኝ። አንዱ ቅሬታ መስሎት ደንግጦ ነበር የመጣው። «ምን ጎደለው?» አለኝ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። ምንም እንዳልጎደለው ስነግረው ሊያምነኝ አልቻለም፤ ይህን ሥራ በያዘባቸው ዓመታት ባዶውን ያዘዘችው የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ አለኝ። ሊጡን ሌሊት እንደሚያሳድር፣ አለቃው ግን ለፍሪጅ መብራት ብሎ እንደሚቆጣው ነገረኝ። ከዚያ ሌላ ትእዛዝ ተጠርቶ ሮጠ።

በሚቀጥለው አርብ ሳር ቤት አካባቢ ሦስት ቤት ልሞክር ነው። ሦስት ፒዛ ብቻዬን አልጨርስምና አብራችሁኝ የምትሄዱ ካላችሁ ኑ። ሂሳብ በየራስ።